መሬት ላይ የማይቆመው ወፍ፦ ባለጆሮ ግሬብን መለየትና መረዳት

በዲሴምበር 2011 (እ.ኤ.አ.)፣ በአንድ የበረዶ ሌሊት፣ በደቡብ ዩታ በሲዳር ሲቲ አካባቢ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ወፎች ከሰማይ ወርደው መኪና ማቆሚያና መንገድ ላይ ተፈጠፈጡ። ወደ 1,500 የሚጠጉት ሞቱ። ከ3,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ በሰው እጅ ተለቅመው ወደ ውሃ ተመለሱ። በሌሊት ወደ ደቡብ ሲጓዙ ዝቅ ያለው ደመና የከተማውን መብራት አንጸባረቀባቸው፤ በረዶ ያረጠበው አስፋልትም ከላይ ሲታይ ሐይቅ መሰላቸው። ሊያርፉ ወረዱ፤ የገጠማቸው ግን ሲሚንቶ ነበር።

ምንም ጉዳት ያልደረሰባቸውም ቢሆኑ ተነሥተው አልበረሩም። በደረታቸው ተኝተው ቀሩ። እንዲህ ያለ ወፍ በየዓመቱ በመጸውና በክረምት መግቢያ በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ይገኛል፤ ያገኘው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ «እግሩ የተሰበረ ዳክዬ» ይለዋል። ዳክዬ አይደለም። እግሩም አልተሰበረም። ባለጆሮ ግሬብ ይባላል፤ ከደረቅ መሬት መነሣት የማይችለው በተፈጥሮው ነው።

ግሬብ ምን ዓይነት ወፍ ነው?

ግሬብ የአንድ ወፍ ስም ሳይሆን የአንድ የውሃ ወፎች ቤተሰብ ስም ነው። ከዳክዬና ከዝይ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። የዘረመል ጥናት የቅርብ ዘመዱ ፍላሚንጎ እንደሆነ አሳይቷል፤ በአብያታ ሐይቅ ዳር በረጅም ቀጭን እግሩ ቆሞ የምናውቀው ያው ፍላሚንጎ። ሁለቱን ጎን ለጎን ላየ ሰው ይህን ማመን ይከብደዋል።

ግሬብን አገር ቤት ሳላችሁ አይታችሁት ይሆናል። በቢሾፍቱ ሐይቆች ወይም ሐዋሳ ዳር ቆማችሁ፣ ክብ ብላ የምትንሳፈፍ ቡናማ ወፍ ድንገት ሰምጣ ከጠፋች በኋላ ራቅ ብላ ብቅ ስትል አይታችሁ ከሆነ፣ ያቺ ትንሹ ግሬብ ናት። ባለጆሮው የእሷ ዘመድ ነው፤ በመጠን ጥቂት ይበልጣታል። ከምንቃሩ እስከ ጀርባው መጨረሻ ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ግን እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ አንዱ ወፍ በዓመት ውስጥ 300 ግራም አካባቢ የሚመዝንበትም፣ ከ600 ግራም የሚያልፍበትም ጊዜ አለው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

በአውሮፓ የሚኖሩ ወፍ ተመልካቾች ይህንኑ ወፍ «ጥቁር አንገት ግሬብ» ይሉታል። ክረምቱን እስራኤል ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያዎችና በዓሣ ኩሬዎች የሚያሳልፉም አሉ። ከካልጋሪ፣ ከኤድመንተን፣ ከዊኒፔግ ወይም ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ በመኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚያገኘው በመራቢያ ሥፍራው ነው።

ለምን መሬት ላይ መቆም ያቅተዋል?

የዶሮ እግር ከሰውነቷ መሐል ሥር ስለሆነ ክብደቷ እግሯ ላይ ያርፋል። የግሬብ እግር የተተከለው ከኋላ፣ ጅራት ሊሆን ይገባው በነበረው ቦታ ነው። የጀልባ ሞተር ከፊት ወይም ከመሐል ሳይሆን ከኋላ የሚገጠመው ግፊቱ ቀጥታ ወደፊት እንዲሆን ነው፤ የግሬብም እግር እንደዚያ ነው። ውሃ ውስጥ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። መሬት ላይ ግን ወፉ ገና ሊቆም ሲል በደረቱ ይደፋል።

ጣቶቹም ከዳክዬ ይለያሉ። የዳክዬ ጣቶች በአንድ ቆዳ የተያያዙ ናቸው። የግሬብ ግን እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ ቅጠል የሚመስል ጠርዝ አለው። እግሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ጠርዞቹ ተዘርግተው ውሃውን ይቀዝፋሉ፤ ወደፊት ሲመልሰው ተጣጥፈው ውሃውን ይሰነጥቃሉ፤ ጃንጥላ እንደ መክፈትና እንደ ማጠፍ ማለት ነው።

ክንፉ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስለዚህ እንደ እርግብ ካለበት ብድግ ብሎ አይነሣም። አውሮፕላን ማኮብኮቢያ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ እሱም ክንፉን እያርገበገበ በውሃው ገጽ ላይ ረጅም ርቀት መሮጥ አለበት። አስፋልት ላይ የወረደው ግሬብ ያጣው ይህን ማኮብኮቢያ ነው።

እንዴት አድርጌ ልለየው?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀለም በወቅት ይለወጣል፤ ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ስትሆንም ሁሉም ወፍ ጥቁር ይመስላል። ከምንቃሩ ጀምሩ፤ ቀጥሎ የራሱን ቅርጽ፣ ከዚያ አንገቱንና ጉንጩን እዩ። ቀለሙ በመጨረሻ ይምጣ።

የባለጆሮ ግሬብ ምንቃር ቀጭንና ሹል ነው፤ ጫፉ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይላል። ግንባሩ ቀጥ ብሎ ይነሣና አናቱ ከዓይኑ በላይ ወይም ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ከፊት በኩል ይሾላል። ዓይኑ ደማቅ ቀይ ነው። ከጀርባው ጫፍ ያለው ላባ ጎፍሮ ከፍ ስለሚል የወፉ ኋላ እንደ ተነፋ ኳስ ይመስላል።

በመራቢያው ወቅት፣ ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ በበጋው ወራት፣ ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው ጥቁር፣ ጎኑ ደግሞ የሸክላ ቀለም ያለው ይሆናል። ከዓይኑ ኋላ ወርቅማ ቀጫጭን ላባዎች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ጉንጩን ያለብሱታል። «ጆሮ» ያሰኙት እነዚህ ላባዎች ናቸው፤ እውነተኛው ጆሮው ከላባ ሥር ነው፤ አይታይም። በዚህ ልብሱ እያለ ከሌላ ወፍ ጋር መሳሳት ብዙም አያጋጥምም።

ችግሩ ከሴፕቴምበር በኋላ ነው። ወርቁም የሸክላው ቀለምም ይረግፍና ወፉ ጥቁርና ግራጫ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ቀንደኛው አሳሳች ባለቀንድ ግሬብ የሚባለው ዘመዱ ነው፤ እሱም በዚያው ሜዳ ይራባል፣ መጠኑም ይቀራረባል። ሁለቱን የሚለየው ጉንጩ ነው። በባለቀንዱ ላይ ጥቁሩ ቆብ ዓይኑ ጋ ሲደርስ በቀጥታ መስመር ያበቃል፤ ከዚያ በታች ጉንጩ ንጹሕ ነጭ ነው። በባለጆሮው ላይ ግን ጥቁሩ ከዓይኑ በታች ወርዶ፣ ፈሶ እንደ ደረቀ ቀለም ጉንጩን ያቆሽሸዋል፤ አንገቱም ጥላሸት የነካው ይመስላል። የባለቀንዱ አናት ጠፍጣፋ፣ ምንቃሩ ቀጥ ያለና ወፈር ያለ፣ ጫፉም ላይ ነጣ ያለ ነጥብ ያለው ነው። በበጋ ደግሞ የባለቀንዱ አንገት ቀይ ቡናማ ነው፤ የባለጆሮው ጥቁር።

በኤፕሪል መጀመሪያ አካባቢ ሁለቱም ልብስ በመቀየር ላይ ስለሚሆኑ ባለቀንዱም ለጊዜው ጉንጩ ቆሻሻ ሊመስል ይችላል። ብዙ የተሳሳተ መዝገብ የሚገባው በእነዚህ ሳምንታት ነው። እንዲህ ሲሆን ጉንጩን ተዉትና ወደ ምንቃሩና ወደ አናቱ ቅርጽ ተመለሱ፤ እነሱ በወቅት አይለወጡም።

ሌሎቹን መለየት ቀላል ነው። መላው ቡናማ ሆኖ፣ ምንቃሩ እንደ ዶሮ አጭርና ወፍራም፣ በበጋም መሐሉ ላይ ጥቁር ቀለበት ያለው ከሆነ ሌላ የግሬብ ዓይነት ነው፤ በብዛት ብቻውን ወይም ጥንድ ሆኖ ቄጤማ ሥር ይገኛል። ጥቁር ሆኖ ምንቃሩ ነጭ፣ ሲዋኝ ራሱን ወደፊትና ወደ ኋላ የሚነቀንቀው ኩት የሚባል ሌላ የውሃ ወፍ ነው። ምንቃሩ ሰፊ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የቆመ ከሆነ ደግሞ በእርግጥም ዳክዬ ነው።

ለማየት ባለ 8 እጥፍ አቅራቢ መነጽር ይበቃል። ንፋስ ሳይነሣ በማለዳ ሂዱ፤ ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉ። ወፉ ሲጠልቅ መቁጠር ጀምሩ። ብዙውን ጊዜ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ይወጣል፤ በጠለቀበት ቦታ ግን አይወጣም። ዓይናችሁን እዚያው ከተከላችሁ ታጡታላችሁ፤ መነጽሩን ከፊታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ሰፊውን ውሃ ቃኙ፣ ሲወጣ ክብ ሞገዱን ታያላችሁ። ሳይዘል ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲሰጥም ብታዩ አትገረሙ። ላባውን ወደ ሰውነቱ አጥብቆ በመካከሉ የያዘውን አየር ያስወጣና ይከብዳል፤ አየር የተነፈሰ ጎማ እንደሚሰጥመው ነው።

የሚራባው የት ነው?

ከካናዳ አልበርታ፣ ሳስካችዋንና ማኒቶባ ተነሥቶ እስከ ዳኮታዎች፣ ሚኒሶታና አዮዋ የሚዘልቅ፣ ወደ 700 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሣራማ ሜዳ አለ፤ ፕሬሪ ይባላል። ከ10 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ ግዙፍ የበረዶ ግግር ከዚያ ሲያፈገፍግ መሬቱን በጉድጓድ በሳስቶ ሄደ። በእነዚያ ጉድጓዶች ዛሬ የበረዶ ቅላጭና ዝናብ ይጠራቀማል፤ ወንዝ የማይገባባቸው፣ ወንዝም የማይወጣባቸው ኩሬዎች ናቸው። አንዳንዱ በበጋው መሐል ይደርቃል፤ አንዳንዱ ጨዋማ ነው፤ ብዙዎቹ ዓሣ የላቸውም።

ዓሣ አለመኖሩ ለግሬቡ ጥሩ ነው። ዓሣ የሚበላው የውሃ ነፍሳትን ነው፣ ግሬቡም የሚፈልገው እነዚያኑ ነው። ኩሬ ውስጥ ዓሣ የጨመረ ሰው ውሃውን አበለጸግሁ ይላል፤ ግን የግሬቡን ማዕድ ነጥቋል።

ባለጆሮ ግሬብ በመንጋ ይራባል፤ በአንድ ኩሬ ላይ በደርዘን ወይም በመቶ የሚቆጠር ጎጆ ተጠጋግቶ ይታያል። ጎጆው ተንሳፋፊ ነው። የበሰበሰ የውሃ ተክል ተከምሮ፣ ከቄጤማ ወይም ከሌላ ሥር ከያዘ ተክል ጋር ተጠላልፎ ይቆማል፤ ከውሃው በላይ የሚታየው ጥቂት ጣት ያህል ነው። ሴቷ ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 እንቁላል ትጥላለች፤ ወንድና ሴት እየተፈራረቁ ለ3 ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ። እንቁላሉ ሲጣል ነጣ ያለ ነው፤ ርጥብ ተክል ላይ ስለሚተኛ ግን ብዙም ሳይቆይ ቡናማ ይሆናል።

የተፈለፈሉት ጫጩቶች ጎጆው ላይ አይቆዩም። ወላጃቸው ጀርባ ላይ ወጥተው ከክንፉ ሥር ይሸጎጣሉ፤ የሚታየው ብቅ ያለ ትንሽ ራስ ብቻ ነው። ሌላኛው ወላጅ ነፍሳት እያመጣ በምንቃሩ ያጎርሳቸዋል፤ ላባም ጭምር። ግሬቦች የራሳቸውን ላባ የሚውጡ ወፎች ናቸው፤ ላባው ሆድ ውስጥ ተድቦልቡሎ የማይፈጨውን ጠንካራ ነገር ወደ አንጀት እንዳይዘልቅ እንደ ማጥለያ ያግደዋል ተብሎ ይታሰባል።

ጎጆው ይህን ያህል ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይጠፋል። የሞተር ጀልባ ሞገድ እንቁላሉን ያንከባልለዋል። ውሃው ከቀነሰ ጎጆው ጭቃ ላይ ይቀርና ቀበሮ በእግሩ ይደርስበታል። በጀልባ የተጠጋ ሰውም ሳያውቀው ይጎዳል፤ ታቃፊዎቹ እንቁላሉን በፍጥነት በአረም ሸፍነው ይሸሻሉ፣ ሰውየው ፎቶ ሲያነሳ በቆየ ቁጥር እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ከኩሬው ዳር ሆናችሁ እዩ፤ ወፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ካቀኑ ተጠግታችኋል ማለት ነው።

ለወራት መብረር የሚያቆመው ለምንድን ነው?

ይህ ወፍ ከሌሎች ሁሉ የሚለይበት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። መራባቱ ሲያበቃ፣ አብዛኞቹ የሰሜን አሜሪካ ባለጆሮ ግሬቦች ወደ ሁለት ጨው ሐይቆች ይሄዳሉ፤ ዩታ ውስጥ ወዳለው ታላቁ ጨው ሐይቅና ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለው ሞኖ ሐይቅ። ታላቁ ጨው ሐይቅ ላይ በመጸው ቁጥራቸው ሚሊዮኖች ይደርሳል። እነዚህ ውሃዎች ለዓሣ እጅግ ጨዋማ ናቸው፤ ግን ከጥፍር የማይበልጥ የጨው ውሃ ሽሪምፕ ሞልቶባቸዋል።

እዚያ ደርሰው መብላት ሲጀምሩ ሰውነታቸው ይገለበጣል። ጨጓራ፣ ጉበትና አንጀታቸው ያድጋል፤ ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው የደረት ጡንቻቸው ደግሞ እስከ ግማሽ ድረስ ይሟሽሻል። ክብደታቸው ስብ ይዞ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ግሬብ ቢያባርሩትም መብረር አይችልም።

ዲሴምበር አካባቢ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሽሪምፑ ያልቃል። ከመነሣታቸው በፊት ባሉት 2 ወይም 3 ሳምንታት ወፎቹ እንደ መጾም ያደርጋቸዋል። የሆድ ዕቃቸው መልሶ ይኮማተራል፤ ልባቸውና የደረት ጡንቻቸው ያድጋል፤ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ይለማመዳሉ። ለረጅም ጉዞ የሚነሣ ሾፌር የማያስፈልገውን ጭነት አራግፎ ሞተሩን እንደሚያሠራ ማለት ነው። ከዚያ በአንድ ሌሊት በብዛት ተነሥተው ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወዳለው፣ ሳልተን ባሕር ወደሚባለው ጨዋማ ሐይቅና ወደ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ይበርራሉ።

ይህ ዑደት በዓመት ከ3 እስከ 6 ጊዜ ይደጋገማል። ተደምሮ ሲታይ ባለጆሮ ግሬብ ከዓመቱ 9 ወይም 10 ወር ያህል መብረር የማይችል ነው፤ መብረር ከሚችሉ ወፎች መካከል ይህን ያህል ጊዜ ሳይበርር የሚቆይ ሌላ አይታወቅም። ነገሩ ስንፍና አይደለም። ጡንቻ ያለ ሥራም ቢሆን ምግብ ይበላል፤ ማዕድ ላይ ለተቀመጠ ወፍ የማይጠቀምበትን ጡንቻ ከመቀለብ ስብ ማከማቸት ያዋጣዋል።

ጉዳቱ ግን ከባድ ነው፤ ሐይቁ ላይ ክፉ ነገር ቢመጣ ማምለጥ አይችልም። በ1992 መጀመሪያ ወራት ሳልተን ባሕር ላይ ወደ 150 ሺህ የሚጠጉ ባለጆሮ ግሬቦች ሞተዋል፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም።

ጨው ውሃ ውስጥ እየበላ ጨው አይጎዳውም?

አይጎዳውም፣ ምክንያቱም ውሃውን አይውጠውም። ሽሪምፑን ከያዘ በኋላ በወፍራም ምላሱ ከላንቃው ጋር ይጨምቀውና ጨው ውሃውን አስወጥቶ ሥጋውን ብቻ ይውጣል። ታላቁ ጨው ሐይቅ ላይ አንድ ወፍ በቀን ከ26 ሺህ እስከ 30 ሺህ የሚደርስ ሽሪምፕ እንደሚያስፈልገው ተሰልቷል። በቀን 10 ሰዓት ይበላል ብንል እንኳ በየደቂቃው ከ40 በላይ ማለት ነው። ሽሪምፑ ትንሽ ከሳሳ ሒሳቡ አይሞላም።

ሽሪምፑ ደግሞ የራሱ ልክ አለው፤ የሚመቸው ጨውነት ከ12 እስከ 16 በመቶ አካባቢ ነው። ገባር ወንዞች ለእርሻና ለከተማ ሲጠለፉ ውሃው ይቀንሳል፣ ጨው ግን አይቀንስም፤ ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ጨው እንደሚበዛበት ነው። በኖቬምበር 2022 ታላቁ ጨው ሐይቅ ተመዝግቦ ከሚያውቀው ሁሉ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ በደቡቡ ክፍል ጨውነቱ ወደ 19 በመቶ ወጣ። በ2023 የጣለው ብዙ በረዶ፣ እንዲሁም ሐይቁን ሰሜንና ደቡብ አድርጎ በሚከፍለው የባቡር መሻገሪያ ክፍት ቦታ ላይ ያለው ግድብ ከፍ መደረጉ ጊዜ ገዛ። ሞኖ ሐይቅ ይህን ቀድሞ አይቶታል። ከ1941 ጀምሮ ገባሮቹ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲወሰዱ ሐይቁ ግማሹን ውሃ አጣ፤ በ1994 የክልሉ የውሃ ቦርድ ሐይቁ ሊመለስበት የሚገባውን ከፍታ በውሳኔ ደነገገ።

መሬት ላይ ተቀምጦ ባገኘው ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ወደ አየር አትወርውሩት። «እንዲበርር ልርዳው» ብሎ የሚወረውር ብዙ ነው፤ ወፉ በደረቱ ይፈጠፈጥና ያልተሰበረው ይሰበራል።

ፎጣ ወይም ጃኬት ጣሉበትና ራሱን ሸፍናችሁ፣ ክንፎቹን ከጎኑ አጥብቃችሁ በሁለት እጅ አንሡት። ምንቃሩ ሹል ነው፤ የሚወጋውም ዓይን ነው፤ ከፊታችሁ አርቁት። ጓንት ይኑራችሁ። ክዳን ያለው፣ የአየር ቀዳዳ የተበሳበት ካርቶን ውስጥ ወፍራም ፎጣ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። ንጣፉን አትናቁት፤ ውሃ ላይ ለመተኛት የተፈጠረ ደረት ጠንካራ ወለል ላይ ለሰዓታት ከቆየ ይቆስላል። ዳቦም ውሃም አትስጡት፤ ገንዳ ውስጥም አትክተቱት፣ ሳሙና የነካው ውሃ ላባውን ያበላሻል። ካርቶኑን ጸጥ ባለ ጨለማ ቦታ አድርጉና በአካባቢያችሁ ወዳለው የዱር እንስሳት ማገገሚያ ደውሉ። በአሜሪካም በካናዳም ፍልሰተኛ ወፎች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ማቆየት አይፈቀድም።

ማገገሚያው ጤነኛ ነው፣ ልቀቁት ካላችሁ፣ በረዶ ያልያዘው ሰፊ ውሃ ፈልጉ፤ ትንሽ ኩሬ ማኮብኮቢያ አይበቃውም። ከዳር አጎንብሳችሁ ውሃው ላይ አስቀምጡትና ጥቂት ደቂቃ ቆማችሁ እዩት። ከፍ ብሎ ተንሳፍፎ፣ ላባውን አራግፎ ከጠለቀ ደህና ነው። ዝቅ ብሎ ከተንሳፈፈ፣ ላባው ውሃ ከጠጣ፣ ወይም ተመልሶ ወደ ዳር ከመጣ ግን ላባው ውሃ መከልከሉን አቁሟል፤ ብርዱ ይገድለዋልና መልሳችሁ አውጡትና ወደ ካርቶኑ መልሱት።